የቤት ዕዳ ያለበት ሰው ደመወዝ በአንድ ሌሊት ማለቅ የለበትም

ይድረስ ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ፣ ለባንኮች ኃላፊዎች፣ እንዲሁም የቤት ብድር ተሸክማችሁ ወር ለምትቆጥሩ ሁሉ።

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በታላቅ ወንድሜ ምክንያት ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ከዓመታት በፊት ባለቤቱ ወርቋን ሸጣ፣ እሱ ዕቁብ ወጥቶለት፣ የጎደለውን ከባንክ ተበድረው ጀሞ አካባቢ ቤት ገዙ። ለአራት ዓመት አንድም ወር ሳያዛንፉ ከፈሉ። ከዚያ ባለቤቱ ታመመች። ገንዘቡ ወደ ሐኪም ቤት ዞረ፤ ሦስት ወር ተወዘፈ።

ወንድሜ አልተደበቀም። ራሱ ባንክ ሄዶ ነገሩን አስረዳ። የብድር ክፍሉ ሠራተኛ በትሕትና ተቀበለው፣ «አይጨነቁ፣ ቀስ ብለው ያስተካክላሉ» አለው። እሱም አምኖ ተመለሰ። ደመወዝ በገባ በማግስቱ ጠዋት መድኃኒት ሊገዛ ሜክሲኮ አካባቢ ኤቲኤም ላይ ቆመ። ማሽኑ በቂ ሂሳብ የለዎትም አለው። ካርዱን አውጥቶ እንደገና ከተተ። ከኋላው ሰው ተሰልፎ ነበርና አንዱ «ወንድም፣ ጨርሰሃል?» ሲለው ቀሪ ሂሳቡን ብቻ አሳትሞ ወጣ። ወረቀቱ ላይ 41 ብር ከ60 ሳንቲም ይላል። ያቺን ቁራጭ ወረቀት እስከዛሬ አጥፎ መታወቂያው ውስጥ ይዟታል፤ ጽሕፈቷ እየደበዘዘ ነው።

ቅርንጫፉ ሄዶ ሲጠይቅ መስኮት ላይ ያለችው ልጅ «ሲስተሙ ነው የቆረጠው» አለችው። ሌላ ምንም አልነገረችውም። የምታውቀውም ያንኑ ነበር መሰለኝ፤ በእሷ አልፈርድም። የዚያን ቀን ከሜክሲኮ ጀሞ ድረስ በእግሩ ሄደ።

በሳምንቱ ደግሞ ቨርጂኒያ ያለችው እህታችን ለመድኃኒት ብላ በዚያው ሂሳብ ገንዘብ ላከች። አልነገርናትም ነበር፤ እሱም ማውራቱን አፍሮ ነበር። ያም ገባና በዚያው ቀን ተቆረጠ። እህቴ ይህን ስትሰማ ስልኩን ይዛ ዝም አለች፣ ረጅም ዝምታ፣ ከዚያ «እኔኮ ለሷ መድኃኒት ነው የላክሁት» አለች። እኔን ያስለቀሰኝ ይኼ ሁለተኛው ነው።

ባንኩን በስም አልጠራም። የአንድ ባንክ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ እዚያው ሄጄ አቤት ብዬ እጨርሰው ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ለማን ባወራ «የኔም እንደዚያው ሆኗል» የሚለኝ አላጣሁም። ሁሉም መጨረሻ ላይ የሚጠይቀኝ ደግሞ አንድ ነገር ነው። ለቤት ብድር መያዣው ቤቱ ነው። ታዲያ ባንክ የሂሳቤን ገንዘብ መንካት ይችላል ወይ?

ሠፈር ውስጥ ሁለት መልስ አለ። አንዱ «ቤቱን ይዟል፣ ሌላ ምን አገባው» ይላል። ሌላው «ባንክ ከያዘህ ሙልጭ አድርጎ ነው የሚወስድህ» ይላል። ሁለቱም ትክክል አይደሉም። የወንድሜን ውል ይዤ የሕግ ባለሙያ ጠይቄ፣ ሕጎቹንም ራሴ አንብቤ የተረዳሁትን ልንገራችሁ።

ያበደረህ ባንክ ራሱ ዘንድ ያለ ገንዘብ ሌላ ነው፤ በሌላ ባንክ ያለህ ገንዘብ ሌላ ነው። የመጀመሪያውን ባንኩ ያለ ፍርድ ቤት ሊነካው የሚችልበት መንገድ አለ። የብድር ውሉን ከፍታችሁ እዩ። ተበዳሪው በባንኩ ውስጥ ካለው ከማንኛውም ሂሳብ ላይ ባንኩ ዕዳውን ተቀናሽ እንዲያደርግ ፈቅዷል የሚል አንቀጽ አብዛኛውን ጊዜ አታጡም። ወንድሜ ውል ላይ አለ፤ ፊርማውም ከሥሩ አለ። ከውሉም ባሻገር የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1831 ጀምሮ ዕዳን ስለማቻቻል ይደነግጋል። ሁለት ሰዎች አንዱ ለሌላው ገንዘብ ካለበት፣ መጠኑ የታወቀና የመክፈያው ጊዜ የደረሰ ከሆነ፣ አንዱ ከሌላው ጋር ሊቻቻል ይችላል። በባንክ ያስቀመጥከው ገንዘብ ባንኩ ላንተ ያለበት ዕዳ ነው፤ ያልከፈልከው ወርሃዊ ክፍያ ደግሞ ያንተ ዕዳ ነው። ባንኩ እነዚህን ሁለቱን አጋጭቶ ነው የሚቆርጠው። «መጠኑ የታወቀና ጊዜው የደረሰ» የሚለውን ግን አስምሩበት። የተወዘፈው የሦስት ወር ክፍያ ሆኖ ሳለ ገና ጊዜው ያልደረሰ ዕዳ ጭምር እየተቆረጠ ከሆነ፣ ውሉ ብድሩ በሙሉ በአንድ ጊዜ ተከፋይ እንዲሆን የሚፈቅደው መቼና በምን ማስጠንቀቂያ እንደሆነ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

በሌላ ባንክ ያለ ሂሳብ ግን እንዲህ በቀላሉ አይነካም። አበዳሪው ባንክ ወደ ጎረቤቱ ባንክ ደውሎ «የእገሌን ብር ላክልኝ» ማለት አይችልም። ፍርድ ቤት ያስፈልገዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሐራጁ ላይ ነው። በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ለባንኮች ትልቅ ሥልጣን ሰጥቷል። ተበዳሪው በውል ከተስማማ፣ ባንኩ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ ቤቱን በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ገዢ ከታጣም ራሱ ሊረከበው ይችላል። ጋዜጣ ላይ የምታዩት ያ ሁሉ የባንክ ሐራጅ ማስታወቂያ፣ የቦታው ስፋት፣ የካርታ ቁጥር፣ የጨረታ መነሻ ዋጋ፣ «ሩቡን በሲፒኦ (ባንክ ባረጋገጠው የክፍያ ማዘዣ) አስይዞ» የሚለው ሁሉ ከዚህ አዋጅ የመጣ ነው። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ አባቴ የሚገዛው ጋዜጣ ላይ አየው ነበር፤ እያንዳንዱ መስመር የአንድ ቤተሰብ ሳሎን መሆኑ የገባኝ ግን ዘንድሮ ነው።

ሰው ቤቱ ከተሸጠ ዕዳው የተዘጋ ይመስለዋል። አልተዘጋም። መያዣ ማለት ለዕዳው መተማመኛ ነው እንጂ ዕዳው ራሱ አይደለም። ቀሪ ዕዳህ ከወለድና ከቅጣት ጋር 2,000,000 ብር ሆኖ ቤቱ በሐራጅ 1,600,000 ቢሸጥ፣ 400,000 ብር አሁንም በስምህ ነው። ባንኩ ለዚያ ቀሪ ገንዘብ ክስ ይመሠርታል። ካሸነፈ ፍርዱ እንዲፈጸምለት የአፈጻጸም መዝገብ ይከፍታል፤ ፍርድ ቤቱም ለባንኮች «በእገሌ ስም ያለ ሂሳብ ካለ አግዳችሁ አሳውቁ» ብሎ ይጽፋል። በሌላ ባንክ ያለህ ገንዘብ ላይ የሚደርሱት በዚህ በኩል ነው። ተከሳሹ ንብረቱን ሊያሸሽ ነው ብሎ ከሳሹ ካስረዳ ደግሞ፣ በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 151 መሠረት ከፍርድ በፊትም እግድ ሊሰጥ ይችላል። የውል ዕዳ ይርጋ (ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ) በመርህ ደረጃ 10 ዓመት ነውና «ቤቱ ከተሸጠ ሁለት ዓመት ሆነው፣ ረስተውታል» ብሎ መተኛት አያዋጣም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው ነገሩ።

ግለሰብ አበዳሪ ከሆነስ? ቤትህን አስይዘህ ከነጋዴ ብትበደር፣ ነጋዴው አዋጅ ቁጥር 97 ለባንኮች የሰጠው ያ ሥልጣን የለውም። ቤትህንም ሂሳብህንም ለመንካት ከሶ፣ አስፈርዶ፣ በአፈጻጸም መምጣት አለበት። ስልክ እየደወለ «ነገ ሂሳብህን አሳግዳለሁ» የሚል ሰው የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ቁጥሩን እንዲነግራችሁ ጠይቁት።

አንድ ነገር ደግሞ በተለይ ለእናቶች መናገር እፈልጋለሁ። ልጃቸው ንግድ ሲጀምር ቤታቸውን የሚያስይዙ እናቶች አሉ። ፍቅር ነው፣ ማንም አይፈርድባቸውም። እናትየው የፈረሙት መያዣ ሰጪ ብቻ ሆነው ከሆነ ኃላፊነታቸው እስከዚያ ቤት ድረስ ነው፤ የጡረታ ደብተራቸው ላይ ያለው ገንዘብ የልጃቸው ዕዳ ውስጥ አይገባም። እዚያው ጠረጴዛ ላይ ግን ሌላ ወረቀት ይቀርባል፤ የዋስትና ውል። እሱን ከፈረሙ ነገሩ ይለወጣል፤ ያኔ ሌላውም ንብረታቸው ተጠያቂ ይሆናል። ዋስትና ደግሞ ከፍተኛው የገንዘብ መጠን ውሉ ላይ ካልተጻፈ በሕግ አይጸናም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1922 ይህን በግልጽ ይላል። ስለዚህ «እማማ፣ እዚህም ላይ ይፈርሙልኝ» ሲባሉ፣ ያቺ «እዚህም» ምን እንደሆነች ሳያስነብቡ ብዕር አያንሱ።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልግባ።

ሕጉ ርኅራኄ የሌለው አይደለም። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 404 በፍርድ አፈጻጸም የማይያዙ ነገሮችን ይዘረዝራል። የባለዕዳው ልብስ፣ አልጋው፣ የማብሰያ ዕቃው፣ የሙያ መሣሪያው፣ ጡረታው አይያዝም። ደመወዙም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አይወሰድበትም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም አንቀጽ 59 ላይ ከሠራተኛ ደመወዝ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ ከሲሶ እንዳይበልጥ ይከለክላል። እነዚህን ሕጎች ያወጡት ሰዎች አንድ ነገር ገብቷቸው ነበር። ባለዕዳም ይበላል፤ ልጆቹም ይበላሉ።

ግን ተመልከቱ። ዳኛ ግራ ቀኙን ሰምቶ፣ ፈርዶ፣ አፈጻጸም ከፍቶ እንኳ ሙሉ በሙሉ የማይወስደውን ደመወዝ፣ የባንኩ ኮምፒዩተር ማንንም ሳይጠይቅ በአንድ ሌሊት ይወስደዋል። አሠሪው ከሲሶ በላይ እንዳይቆርጥ ተከልክሎ ሁለት ሦስተኛው ተርፎ የመጣው ደመወዝ፣ ሂሳብ ውስጥ በገባበት ደቂቃ ስሙ ተለውጦ «ገንዘብ» ይሆናል። ደመወዝ መሆኑ ይረሳል። ከውጭ ለመድኃኒት የተላከ መሆኑም ይረሳል። ሕጉ በአንድ በር የከለከለው በሌላ በር ይገባል። የወንድሜ ፊርማ አለ፣ አዎ። ግን ያ ፊርማ የተፈረመው 20 ገጽ የሚሆን ውል ተዘርግቶ፣ «እዚህ፣ እዚህ፣ እዚህም» እየተባለ በሩብ ሰዓት ውስጥ ነው። ቤት የሚያገኝ ሰው ያን ቀን ምን ይላል? የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ የተባለው ሁሉ ላይ ይፈርማል።

ባንኮች ሆይ፣ የእናንተንም ወገን አልዘነጋሁም። የምታበድሩት ገንዘብ የኔም የጎረቤቴም ቁጠባ ነው። የተበደረ ሁሉ አልከፍልም ቢል ነገ ቤት የሚሠራ ብድር አይኖርም። በ20/80 እና በ40/60 ኮንዶሚኒየም ስንት ቤተሰብ የቤት ባለቤት የሆነው በባንክ ብድር ነው፤ ብድር ይሰብሰብ፣ መሰብሰብም አለበት። ወንድሜም ልክፈል እንጂ ይማሩኝ አላለም። እኔ የምለው አሰባሰቡ ላይ ነው። ሦስት ወር የወዘፈን ሰው ለአራተኛው ወር ባዶ እጁን ካስቀራችሁት በአምስተኛው ወር በምን ይከፍላችኋል? ወንድሜ ከዚያ በኋላ ያደረገውን ልንገራችሁ። መሥሪያ ቤቱን ለምኖ ደመወዙን ወደ ሌላ ባንክ አዛወረ። አሁን እናንተ ዘንድ ምንም አይገባም። እሱም በየወሩ በጥሬ ገንዘብ ይዞ መጥቶ መስኮት ላይ ተሰልፎ ይከፍላል። እምነቱን አጣችሁ፤ እሱም እምነቱን አጣ። ለማን ጠቀመ?

የምጠይቀው ብዙ አይደለም።

ብሔራዊ ባንክ በፈረንጆች 2020 የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ አውጥቷል። መልካም ሥራ ነው። ያንኑ መንፈስ ይዛችሁ ለዚህ ጉዳይ ለይታችሁ ደንብ አውጡልን። ባንክ ከተበዳሪ ሂሳብ ላይ የተወዘፈ ክፍያ ከመቁረጡ በፊት፣ ቢያንስ ከጥቂት የሥራ ቀናት አስቀድሞ፣ የሚቆረጠውን መጠንና ቀኑን በጽሑፍ ያሳውቅ። በስልክ አጭር መልእክትም ቢሆን ይበቃል። ብር ስናስገባ ወዲያው መልእክት ይደርሰናል፤ ብር ሲወሰድብንም አስቀድሞ ሊደርሰን ይችላል፤ ቴክኖሎጂው እጃችሁ ላይ ነው።

ደመወዝና ጡረታ ሆኖ የገባ ገንዘብ ደግሞ ባንኩ በራሱ ሥልጣን ሲቆርጥ ከሲሶ በላይ አይንካው። ፍርድ ቤትና አሠሪ የሚገዙበት ልክ ባንክን ቢገዛው ማንም አይጎዳም። ቀሪውን በስምምነት ያስከፍል፤ ተበዳሪው እምቢ ካለ ፍርድ ቤት አለ።

ውሉን በሚመለከት፣ ይህ የሂሳብ ተቀናሽ አንቀጽ ከሌላው ተነጥሎ፣ በአንድ ገጽ፣ በአማርኛና ተበዳሪው በሚያውቀው ቋንቋ፣ በደንብ በሚነበብ ፊደል ይጻፍ። ለብቻው ይፈረም። ባልና ሚስት የጋራ ሂሳብ ካላቸው ያ ሂሳብ ይገባል አይገባም የሚለውም እዚያው ይጻፍ። ዋስና መያዣ ሰጪም ምን እንደፈረሙ የሚያሳይ ቅጂ ይዘው ይሂዱ፤ ወንድሜ የውሉን ቅጂ ለማግኘት ሦስት ቀን ተመላልሷል።

ሐራጅ ከተካሄደም በኋላ ቤቱ በስንት ተሸጠ፣ ከዕዳው ስንቱ ተቀነሰ፣ ወለድና ቅጣቱ እንዴት ተሰላ፣ ስንት ቀረ የሚለው በጽሑፍ ይሰጥ። ሰው ሜዳ ላይ ከወጣ በኋላ እንኳ ስንት እንዳለበት ሳያውቅ የክስ መጥሪያ መቀበል የለበትም።

የብድር ዕዳ ላለባችሁ ወገኖቼ ደግሞ፣ ሕጉ እስኪስተካከል ድረስ ዛሬውኑ ማድረግ የምትችሉት አለ። ውላችሁን አውጥታችሁ «ከማንኛውም ሂሳብ» የሚለውን ፈልጉ። መክፈል ሲያቅታችሁ በቃል ብቻ አትናገሩ፤ ደብዳቤ ጽፋችሁ፣ የብድሩ ጊዜ እንዲራዘም ወይም ወርሃዊ ክፍያው እንዲቀንስ ጠይቃችሁ፣ መቀበያ ማህተም ያለበትን ቅጂ ያዙ። ወንድሜን የጎዳው ያ ነው። «አይጨነቁ» የሚለው ቃል ወረቀት ላይ አልነበረም። ውጭ ያላችሁ እህት ወንድሞችም ለቤተሰብ ለሕክምና ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት የምትልኩበት ሂሳብ ባለቤት እዚያው ባንክ ውዝፍ ብድር እንዳለበት ጠይቁ። ማሳፈር አይደለም። እህቴ ብትጠይቅ ኖሮ መድኃኒቱ በዚያ ሳምንት ይገዛ ነበር። የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ከደረሳችሁ ደግሞ ያን ቀን ሳታድሩ የሕግ ባለሙያ ፈልጉ። ባንኩ የሐራጁን ሥርዓት ጥሶ ጉዳት ካደረሰ ተጠያቂ እንደሚሆን ያው አዋጅ ቁጥር 97 ይናገራል፤ ሥርዓቱ መጣሱን ማስረዳት የምትችሉት ግን ወረቀቶቻችሁን ከያዛችሁ ነው።

የወንድሜ ባለቤት አሁን ደህና ናት። ውዝፉ ተከፍሎ ሊያልቅ አንድ ወር ቀርቶታል። ባንኩ ገንዘቡን እንዲመልስለት አልጠይቅም፤ ዕዳው የራሱ ነው። ብሔራዊ ባንክን ግን አንድ የተወሰነ መልስ እጠይቃለሁ። ባንክ በራሱ ሥልጣን ከደመወዝ ሂሳብ ላይ ውዝፍ ሲቆርጥ ገደቡ ስንት ነው፣ ማስጠንቀቂያውስ ስንት ቀን ነው? ቁጥሩን አስቀምጡልንና በየቅርንጫፉ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። መስኮት ላይ ያለችው ልጅም ለሚቀጥለው ሰው ከ«ሲስተሙ ነው» ሌላ የምትነግረው ነገር ታግኝ።

በአክብሮት፣
የአንድ ተበዳሪ ታናሽ ወንድም፣ ከአዲስ አበባ